ምዕራፍ 7፦ ጌይን ጉልበት አይጨምርም

በመኪና ውስጥ ሰብ ውፈር ሲገጠም አምፕሊፋየሩ ከወንበር ስር ወይም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይታሰራል። ጎኑን ብናይ በትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ የምትዞር አንዲት ማዞሪያ እናገኛለን። አንዱ ፋብሪካ ጌይን፣ ሌላው ሌቭል፣ ሌላው ደግሞ ሴንሲቲቪቲ ብሎ ይጽፍባታል። በግራ ጫፏ 6 ቮልት፣ በቀኝ ጫፏ 0.2 ቮልት የሚሉ ቁጥሮች አሉ።

ባለመኪናው ቤዙ አላረካው ሲል ይህችን ማዞሪያ ወደ ቀኝ ይመልሳታል። ድምፁ ወዲያው ይጨምራል። ስለዚህ ጉልበት የምትሰጠው እሷ ትመስለዋለች። ከጊዜ በኋላ ከወንበሩ በኩል የተቃጠለ ሙጫ ይሸታል፤ ሰብ ውፈሩም ዝም ይላል። «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ተብሎ ሌላ ይገዛል። ማዞሪያዋን ግን ማንም አልነካትም፤ አዲሱም ሰብ ውፈር የሚጠብቀው ዕጣ ያው ነው።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አንድ ነው። ጌይን ለአምፕሊፋየሩ ጉልበት አይጨምርም። የአምፕሊፋየሩ አቅም ሲሠራ ተወስኖ ያለቀ ነው። ጌይን የሚወስነው፣ ቴፑ ምን ያህል ሲልክለት ያ አቅም ሙሉ በሙሉ እንደሚወጣ ብቻ ነው። ይህን ነገር በደንብ የጨበጠ ሰው በአንድ ርካሽ መልቲሜትር የሰብ ውፈሩን ዕድሜ በብዙ ዓመት ማራዘም ይችላል።

ፔዳሉ፣ ኬብሉና ዳዶው

በቆየ ቤንዚን ኮሮላ ላይ ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ተነስቶ ወደ ሞተሩ የሚሄድ ኬብል አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ ኬብሉ ይሳባል፤ አየር የሚገባበት በርም ይከፈታል። በኬብሉ ጫፍ ላይ ማስተካከያ ዳዶ አለ።

ዳዶው ከልክ በላይ ከጠበቀ ፔዳሉን ገና ግማሽ ሲረግጡት በሩ ተከፍቶ ያልቃል። የቀረውን ግማሽ ቢረግጡት ምንም የሚጨመር ነገር የለም። ከልክ በላይ ከላላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ነክቶም በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ሞተሩ አቅም እያለው ዳገት ላይ ይለምናል። ጎበዝ መካኒክ ፔዳሉ ወለል ሲነካና በሩ ተከፍቶ ሲያልቅ እኩል እንዲገጥሙ አድርጎ ዳዶውን ያስራል። ይህን በማድረጉ ለሞተሩ አንድም የፈረስ ጉልበት አልጨመረለትም። የሾፌሩ እግርና የሞተሩ አቅም እንዲገናኙ ብቻ አደረገ።

የቴፑ ቮሊዩም ፔዳሉ ነው። አምፕሊፋየሩ ሞተሩ ነው። ጌይን ደግሞ ያቺ ዳዶ ናት። ሥራችን ቴፑ ንጹሕ ድምፅ የሚሰጥበት የመጨረሻው ቮሊዩምና አምፕሊፋየሩ ንጹሕ ጉልበት የሚሰጥበት የመጨረሻው ነጥብ አንድ ላይ እንዲደርሱ ማድረግ ነው።

ልዩነቱ አንድ ቦታ ላይ ነው። በመኪናው በሩ ከተከፈተ በኋላ ፔዳሉን አጥብቆ መርገጥ ሞተሩ ላይ ጉዳት አያመጣም። በአምፕሊፋየሩ ግን ከሙሉ አቅም በላይ መጠየቅ ጉዳት አለው፤ ጉዳቱ ምን እንደሆነ ወደ ታች እናየዋለን።

ቁጥሮቹ ለምን ወደ ታች ይወርዳሉ?

ማዞሪያዋን ወደ ቀኝ ስናዞር ድምፁ ይጨምራል፤ ቁጥሩ ግን ከ6 ቮልት ወደ 0.2 ቮልት ይወርዳል። ይህ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። ቁጥሩን የአምፕሊፋየሩ ቃል አድርገን ካነበብነው ግን ግልጽ ይሆናል። ማዞሪያዋ 4 ላይ ስትሆን አምፕሊፋየሩ «ሙሉ ጉልበቴን የማወጣው 4 ቮልት ሲደርሰኝ ነው» እያለ ነው። 0.2 ላይ ስትሆን «0.2 ቮልት ብቻ ይበቃኛል» ይላል።

ይህ ቮልት ከየት ይመጣል? ከቴፑ ጀርባ በአርሲኤ ገመድ፣ ማለትም በቀይና ነጭ ጫፉ በሚታወቀው ገመድ፣ ወደ አምፕሊፋየሩ ከሚሄደው ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ቴፖች በዚህ መስመር የሚሰጡት ከፍተኛ ቮልት ይለያያል፤ ብዙዎቹ 2 ቮልት፣ ሻል ያሉት 4 ወይም 5 ቮልት ይሰጣሉ።

እንግዲህ 4 ቮልት ከሚሰጥ ቴፕ ጋር ጌይኑን 0.2 ላይ ብናስቀምጠው ምን ይሆናል? አምፕሊፋየሩ ቴፑ ሊሰጥ ከሚችለው አንድ ሃያኛውን ሲያገኝ አቅሙን ጨርሷል። ቮሊዩሙን ከዚያ በላይ መጨመር የሌለ ጉልበት መጠየቅ ነው። «ጌይኑን እስከ መጨረሻው ከፍቼ በቮሊዩም እቆጣጠረዋለሁ» የሚለው አሠራር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቮሊዩሟን ትንሽ ነካ ሲያደርጓት ወሰኑ ይታለፋል፤ መታለፉን ደግሞ የሚነግረን ነገር የለም።

ወሰኑ ላይ ምን ይደርሳል?

በምዕራፍ 3 ድምፅ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ሞገድ መሆኑን አይተናል። በምዕራፍ 4 ደግሞ የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ ቴፑ በራሱ ለአንድ ስፒከር ከ20 ዋት ብዙም የማይበልጥ ጉልበት እንደሚሰጥ ተመልክተናል። ሰብ ውፈር ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለሚፈልግ አምፕሊፋየሩ በውስጡ ባለው ክፍል የባትሪውን ቮልት ብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። ወደ ስፒከሩ የሚወጣው ሞገድ ከዚህ ካደገው ቮልት በላይ ሊወጣ አይችልም። ጣሪያው ይኸው ነው።

ይህ ጣሪያ 50 ቮልት ነው እንበል። ጌይኑ ከልክ በላይ ተከፍቶ ሙዚቃው 80 ቮልት ቢጠይቅ አምፕሊፋየሩ እስከ 50 ይወጣና እዚያው ይቆማል። ሞገዱ እስኪወርድ ድረስም እዚያው ይቆያል። ክብ የነበረው የሞገዱ ጫፍ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል። ባለሙያዎች ይህን መቆረጥ ክሊፒንግ ይሉታል።

በዘፋኙ ድምፅ ወይም በክራር ላይ ክሊፒንግ ቢደርስ ጆሯችን ወዲያው ይሰማዋል፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል። በቤዝ ላይ ግን ጆሮ ይታለላል። ሲቆረጥ የሚፈጠሩት ባዕድ ድምፆች ከመሠረቱ ከፍ ብለው የሚገኙ ናቸው፤ የ40 ሄርዝ ቤዝ ከተቆረጠ ዋነኞቹ በ120 እና በ200 ሄርዝ ላይ ይወጣሉ። እነዚህን ደግሞ የፊት ስፒከሮቹ ሙዚቃ፣ የጎማውና የሞተሩ ጩኸት ይሸፍኗቸዋል። ብዙ አድማጭ እንዲያውም የተቆረጠውን ቤዝ «ወፈረ፣ ጠነከረ» ብሎ ይወደዋል። በቤዝ ጉዳይ ጆሯችንን ብቻ ይዘን ጌይን ማስተካከል የማያስተማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቅል ሽቦው የሚቃጠልበት መንገድ

ሰብ ውፈር ከሚቀበለው ጉልበት ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከአንድ በመቶ ብዙም አይበልጥም። የቀረው ሁሉ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ የሚወጣውም ከማግኔቱ መሐል ከሚንቀሳቀሰው ቀጭን ጥቅል ሽቦ ነው። ቮይስ ኮይል የሚባለው እሱ ነው።

ሙዚቃ በተፈጥሮው ለጥቅል ሽቦው እረፍት ይሰጠዋል። ከበሮው ሲመታ ጉልበቱ ለቅጽበት ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። አምፕሊፋየሩ በከበሮው ጫፍ ላይ ሙሉ አቅሙን ቢሰጥ እንኳ አማካይ ጉልበቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ጌይኑ ወሰኑን ሲያልፍ ግን ጫፎቹ ጣሪያው ላይ ሲቆረጡ በመሐል ያለው ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል፤ እረፍቱ ይጠፋል፣ አማካዩ ያድጋል። ሞገዱ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከሆነ፣ ጣሪያው ሳይለወጥ የሚያስተላልፈው ጉልበት የንጹሑን ሞገድ እጥፍ ይሆናል። 500 ዋት የተባለ አምፕሊፋየር ወደ 1000 የተጠጋ ሙቀት ሽቦው ላይ ሊያራግፍ ይችላል ማለት ነው። «ትንሽ አምፕሊፋየር ሰብ ውፈር ያቃጥላል» የሚባለው ነገር ምስጢሩ ይህ ነው፤ ያቃጠለው የአምፕሊፋየሩ ትንሽነት ሳይሆን ባለቤቱ ከጣሪያው በላይ መጠየቁ ነው።

ሙቀቱ ሌላም ወጥመድ አለው። መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክን የመቋቋም ባሕርዩ ይጨምራል፤ ከ20 ዲግሪ ወደ 200 ዲግሪ ሲደርስ በ70 በመቶ ያህል ያድጋል። ስለዚህ የጋለ ሰብ ውፈር ከአምፕሊፋየሩ የሚስበው ጉልበት ያንሳል፣ ቤዙም ይዳከማል። አድማጩ ረጅም መንገድ ላይ «ቀነሰ» ብሎ ቮሊዩም ይጨምራል፤ የጨመረውም ሽቦውን ይበልጥ ያግላል።

የተቃጠለ ሰብ ውፈር ተከፍቶ ሲታይ ታሪኩ ይነበባል። ቀላ ያለ ወርቃማ የነበረው ሽቦ ጠቁሯል። ሽቦዎቹን እርስ በርስ ያጣበቀው ቫርኒሽ ተቃጥሎ ጥቅሉ ላልቷል፤ የላላው ሽቦ ከማግኔቱ ጋር ተፋትጎ ተልጧል። ሳይከፈትም መመርመር ይቻላል። የሾጣጣውን ወረቀት መሐል በሁለት መዳፍ ግራና ቀኝ ይዘው በቀስታ ወደ ውስጥ ሲገፉት የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ ጥቅሉ ተበላሽቷል። በመልቲሜትር ሲለካ ደግሞ ባለ 4 ኦም ጤነኛ ጥቅል 3 ኦም ተኩል አካባቢ ያሳያል፤ የተበጠሰው ምንም አያሳይም።

እውነተኛውን ዋት መፈለግ

ጌይን ከማስተካከላችን በፊት አምፕሊፋየሩ በእርግጥ ስንት ዋት እንዳለው ማወቅ አለብን። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «3000 ዋት» ለስሌት አይጠቅምም። የሚጠቅመው አርኤምኤስ የሚለው ቁጥር፣ ማለትም ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ያወጣው ሲኢኤ-2006 የተባለ የመለኪያ ደረጃ አለ፤ ዋቱ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ ከ1 በመቶ ባልበለጠ መዛባት እንዲለካ ያዛል። ይህ ምልክት ያለበት ዕቃ ቁጥሩ የሚታመን ነው።

ምልክቱ ከሌለ ፊውዙን እንይ። አምፕሊፋየር ከሚበላው በላይ ሊሰጥ አይችልም። ያ «3000 ዋት» የተባለው ዕቃ ያለው አንድ የ30 አምፔር ፊውዝ ከሆነ፣ ሞተር ተነስቶ ባትሪው 14 ቮልት አካባቢ ሲሆን የሚስበው 30 በ14 ሲባዛ 420 ዋት ነው። ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ከዚህ 80 በመቶ ያህሉን ወደ ስፒከሩ ያደርሳል፤ ወደ 335 ዋት ማለት ነው። ክላስ ኤቢ ከሆነ 250 አካባቢ ይቀራል። በሦስት ሺህ ዋት ሒሳብ ጌይን የሚያስተካክል ሰው የሌለውን ጉልበት እየፈለገ ሞገዱን ይቆርጠዋል።

ሰብ ውፈሩም የራሱ አርኤምኤስ አለው። ከሁለቱ የሚያንሰውን እንወስዳለን።

ልኬቱ ደረጃ በደረጃ

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አምፕሊፋየሩ በ2 ኦም 600 ዋት ይሰጣል። ሰብ ውፈሩ 450 ዋት ይችላል፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ጥቅሎች አሉት፣ ጎን ለጎን ስለታሰሩም በጋራ 2 ኦም ሆነዋል። የሚያንሰው 450 ነው።

በምዕራፍ 4 ያየነው የኦም ሕግ እዚህ ሥራ ላይ ይውላል። ዋቱን በኦሙ እናባዛለን፤ ከውጤቱ ካሬ ሥሩን እናወጣለን። 450 በ2 ሲባዛ 900 ነው፤ የ900 ካሬ ሥር 30 ነው። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ 30 ቮልት ሲያወጣ 450 ዋት እየሰጠ ነው። ግባችን ይህ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ መኪናውን ሜዳ ላይ አውጥተው ሞተሩን ያስነሱ፤ ባትሪው ብቻውን 12.6 ቮልት አካባቢ ስለሆነና ሞተር ሲነሳ ወደ 14 ስለሚጠጋ ልኬቱ እንደ ጉዞው ይሆናል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ፈጽሞ አያስነሱ፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውም ይገድላል።

አምፕሊፋየሩን አጥፍተው የሰብ ውፈሩን ሽቦዎች ይንቀሉ። ጌይኑን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ይመልሱት። ቤዝ ቡስት የሚለውን ዜሮ ያድርጉ፤ በቴፑ ላይ ያሉትን የቤዝ፣ የትሬብልና የላውድነስ ጭማሪዎች ሁሉ ያጥፉ።

ከዚያ አንድ ወጥ የ50 ሄርዝ ድምፅ ያጫውቱ። ይህ ሙዚቃ የሌለው፣ እንደ ትራንስፎርመር እምምም የሚል ድምፅ ነው፤ ከኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። መጠኑ 0 ዲሲቤል የተባለውን ይምረጡ፤ አንድ ቅጂ ሊይዘው የሚችለው የመጨረሻው ከፍታ እሱ ነው። ዘወትር ሙዚቃ የሚሰሙት በፍላሽ ከሆነ በፍላሽ፣ በብሉቱዝ ከሆነ በብሉቱዝ ያጫውቱት፤ የሁለቱ የድምፅ መጠን ሊለያይ ይችላል።

የቴፑን ቮሊዩም ወደ ሦስት አራተኛው ያድርሱ፤ መጨረሻው 40 ከሆነ 30 ላይ። ብዙ ቴፕ ከዚያ በላይ ራሱ መቁረጥ ይጀምራል፤ ቴፑ የቆረጠውን ሞገድ ደግሞ አምፕሊፋየሩ አጉልቶ ያስተላልፈዋል እንጂ አይጠግነውም።

መልቲሜትሩን ተለዋዋጭ ቮልት፣ ማለትም ኤሲ ላይ ያድርጉት፤ በዲሲ ከተለካ ትክክለኛውን አያሳይም። ሁለቱን ጫፎች በአምፕሊፋየሩ የስፒከር መውጫ ፕላስና ማይነስ ላይ ያሳርፉ፤ ጫፎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ይጠንቀቁ። አሁን ጌይኑን በካቻቢቴ በጣም በቀስታ ወደ ቀኝ ያዙሩ። የቁጥሩን መውጣት ይከታተሉ፦ 8፣ 15፣ 22፣ 27። 30 ላይ ሲደርስ ያቁሙ። ማዞሪያዋ ከግማሽ በታች ልትቆም ትችላለች፤ አይገረሙ፣ ለዚህ ቴፕና ለዚህ ሰብ ውፈር ቦታዋ እዚያ ነው።

ድምፁን ያጥፉ፣ አምፕሊፋየሩን ይዝጉ፣ ሽቦዎቹን መልሰው ይሰሩ። ለሰብ ውፈሩ ከፍ ያሉ ድምፆች እንዳይደርሱት የሚያግደውን ማጣሪያ 80 ሄርዝ አካባቢ ያድርጉ። ከዚያ የሚያውቁትን ዘፈን ይክፈቱ። ቤዙ ዘፋኙን ከሸፈነው ጌይኑን ይቀንሱ፤ መቀነስ ሁልጊዜ ይቻላል። ከተለካው በላይ መጨመር ግን አይፈቀድም።

መልቲሜትሩ የማያየው

መልቲሜትር ቁጥር ያሳያል፤ የሞገዱን ቅርጽ አያይም። አምፕሊፋየሩ የተባለውን ዋት በእውነት የሌለው ከሆነ 30 ቮልት ከመድረሱ በፊት መቁረጥ ይጀምራል፣ መልቲሜትሩም አይናገርም። አንድ ምልክት ግን አለ። ጌይኑን በእኩል እርምጃ እያዞሩ ቁጥሩ ደህና ሲወጣ ቆይቶ ድንገት ከተንቀራፈፈ ጣሪያው ተነክቷል። ያኔ ግቡን ትተው ወደ ኋላ መለስ ይበሉ። የሞገዱን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ያለው ባለሙያ ከተገኘ ይህ ጥያቄ በአንድ እይታ ይፈታል።

ሌላው የሚታሰብበት ነገር ቅጂዎች እኩል አለመሆናቸው ነው። ከሸክላና ከካሴት የተገለበጠ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈንና ዘንድሮ ስቱዲዮ የተቀረጸ ዘፈን በአንድ ቮሊዩም እኩል አይጮሁም። በ0 ዲሲቤል ተለክቶ የተቀመጠ ጌይን ከአዲሱ ጋር በትክክል ይገጥማል፣ ከአሮጌው ጋር ቤዙ ትንሽ ያንሳል። አብዛኛውን ጊዜ የቆዩ ዘፈኖችን የሚሰሙ ከሆነ በማይነስ 5 ዲሲቤል በተቀዳ ድምፅ መለካት ይቻላል። ይህን የመረጠ ሰው ግን አዲስ ዘፈን ሲገባ ቮሊዩሙን ዝቅ የማድረግ ግዴታ አለበት።

ቤዙ ካነሰስ?

በትክክል ተለክቶ ቤዙ አሁንም ካልበቃ ጌይኑ ላይ የቀረ መፍትሔ የለም። ቤዝ ቡስትም መውጫ አይሆንም፤ 6 ዲሲቤል መጨመር በዚያ ድምፅ ላይ አራት እጥፍ ጉልበት መጠየቅ ነው። 450 ዋት ላይ ለቆመው ሥርዓታችን 1800 ዋት አምጣ እንደማለት ነው።

አምፕሊፋየሩንና ሰብ ውፈሩን እጥፍ አቅም ባላቸው ብንቀይር እንኳ የምናገኘው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ የሚለየው፣ ግን መጠነኛ ጭማሪ። ድምፁ እጥፍ ሆነ ብለን እንድንሰማው ጉልበቱ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ ከተለካው ነጥብ በላይ ጌይን የሚያዞር ሰው የማይረባ ጭማሪ ፍለጋ ሙሉውን ሰብ ውፈር ያስይዛል። ተጨማሪ ቤዝ በርካሽ የሚገኘው በሳጥኑ መጠንና አሠራር፣ ሰብ ውፈሩ በመኪናው ውስጥ በሚቀመጥበት ቦታና አቅጣጫ ነው፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለእነዚህ ነው።

እስከዚያው አንድ ደንብ ይያዙ። ጌይን አንዴ ተለክቶ ከተቀመጠ የሚነካው ቴፑ ሲቀየር፣ አምፕሊፋየሩ ሲቀየር፣ ወይም ሰብ ውፈሩና አስተሳሰሩ ሲቀየር ነው። ያኔም መልቲሜትሩ ይወጣል፣ ካሬ ሥሩ ይሰላል፣ ልኬቱ ከመጀመሪያው ይደገማል። ከዚህ ውጭ ድምፅ መጨመርም ሆነ መቀነስ የቮሊዩም ሥራ ነው።